ያልተቆጠረው የጋሼ ደሳለኝ ጆሮ

ጋሼ ደሳለኝ ቀወት ባለችው መንደራችን ሃያ ሁለት ዓመት ወፍጮ ላይ ሠርተዋል። ጆሯቸውን የበላው ያ ሞተር ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ማንም አያውቅባቸውም፤ እዚያ ሁሉም ይጮኻል፣ ዱቄቱ እንዲልምለት የፈለገም ጣቱን አሽቶ ያሳያል። ችግሩ ደጅ ሲወጡ ነው። ለሰላምታውም ለስድቡም "እሺ፣ እሺ" ይላሉ፤ ሰዉም ከኋላቸው ይስቃል። ያስጠላል።

አምና ከአዲስ አበባ ቆጣሪዎች መጡ። በአገሪቱ ጆሮው የደከመ ሰው ስንት እንደሆነ ሊያውቁ ነው። የተመዘገበ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ይመረመራል፣ መስሚያ መሣሪያም ይሰጠዋል ተባለ። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝና ቤት ለቤት የመራኋቸው እኔ ነኝ። ነገሩን ለጋሼ ደሳለኝ ወረቀት ላይ ጽፌ ባሳያቸው፣ "መቅደስ፣ አደራ እኔን እንዳትረሺ። ሜሮን ስትዳር ጉልበቴን ስማ የምትለኝን መስማት እፈልጋለሁ" አሉኝ። ሜሮን አንድ ልጃቸው ናት።

ቤታቸው ስንደርስ እሳቸው ወፍጮ ላይ ነበሩ። የመለሱልን ሚስታቸው እትዬ እቴነሽ ናቸው።

"እግዜር ይመስገን፣ ቤቴ ጤነኛ ነው። የማይሰማ የለም።"

ሜሮንን ሊጠይቁ ሽማግሎች በሳምንቱ ይመጣሉ፤ "ዘራቸው ደንቆሮ ነው" እንዳይባል ነዋ። እኔስ? ቆጣሪው ወደ እኔ ሲያይ መሬት መሬቱን አየሁ። ከጎረቤት ላለመጣላት ብዬ። እስከ ዛሬ ራሴን እጠየፈዋለሁ። በየቤቱም ያው ነበር። ከሦስት መቶ ቤት የተመዘገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ፣ እነሱም የሚድሩት ልጅ የሌላቸው። ወሬ ሲሆን ግን ጆሯችን ከደብረ ሲና ይሰማል። እንትፍ።

ቆጣሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ሽማግሎቹ ሲመጡ የሚያገባት ልጅ አባት፣ የቀበሌያችን ሰው ጋሼ ንጉሤም አብረው ነበሩ፤ እኔም ለመስተንግዶ ተጠርቼ ነበር። እንደቆሙ "ልጅዎን ለልጃችን" አሉ። ደንቡ "ከዘመድ ልምከር፣ ተመለሱ" ማለት ነው። ጋሼ ደሳለኝ እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው "እሺ፣ እሺ" አሏቸው። በመጀመሪያ ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የት ታይቶ? እትዬ እቴነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ይሄኔ ጋሼ ንጉሤ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወዳጠገባቸው ሽማግሌ ዘንበል አሉና፣ "ምን አለ? እምቢ አለ?" ብለው ጮኹ። እሳቸውም አይሰሙም ለካ። የእሳቸውንም ቤት "ሁሉም ጤነኛ" ብለን ጽፈን ነው የወጣነው።

ጋሼ ደሳለኝ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አዩና ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ በወፍጮ ቤት ድምፃቸው፣ "መቅደስ፣ ስሜን አስጻፍሽልኝ አይደል?" አሉኝ።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ሚስታቸውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ።

"እንግዲያው ልጄ ጉልበቴን ስትስም ምን እንዳለችኝ አንቺ ጽፈሽ ትነግሪኛለሽ" አሉ።