በአል-ሳሃፋ ሜዳ የተገጠመብኝ

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነበር፤ የገና ዕለት ካርቱም ቀዝቀዝ ብላ ነፋሱ አቧራ ያነሣ ነበር። እኔ ገበሬ ነኝ። የሄድኩት እዚያ በግንበኝነት የሚሠራውን ልጄን ወደ እርሻው ልመልሰው ነው። «ገና እንዳለፈ እንሄዳለን» ስለው አንገቱን ደፍቶ «እሺ አባዬ፣ እርስዎ እንዳሉ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አል-ሳሃፋ ወዳለ ባዶ ሜዳ ወሰደኝ። የልጆች አባት የሆኑ ሐበሾች ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ለምነው መጥተው፣ የገና ዱላ ይዘው ሩሯን ያሳድዳሉ። አቧራው ሲውጣቸው ይጠፋሉ፤ ሲተፋቸው ሌላ ሰው መስለው ይወጣሉ። የቆምኩበት ካርቱም ይሁን የአባቴ መስክ ጠፋኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ዱላ ለከብት እንጂ ለጨዋታ ይዤ አላውቅም።

ልጄ የገባበት ወገን ግብ አገባ። አንቱ ሲለኝ የኖረው ልጄ ከአቧራው ወጥቶ ፊቴ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ ገጠመብኝ፦

«በሬህም በበዓል ከቀንበር ይፈታል፤
ልጅህ ግን አባዬ መቼ ይጫወታል?»

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሄድም ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። በትሬን ጨበጥኩ። አጠገቤ የቆመ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር የሚነግድ ሐበሻ ባለሱቅ ክንዴን ያዘኝ።

«አባቴ፣ በገና ጨዋታ ተሰደብኩ ብሎ መቆጣት የለም። ያላ፣ ገብተው ይመልሱለት።»

ልጄ እየሳቀ አልነበረም። ፈርቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ጋቢዬን ለባለሱቁ ሰጠሁና ከልጄ ተቃራኒ ወገን ገባሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተጫወትን። በማግስቱ ወደ አገሬ የተሳፈርኩት ብቻዬን ነው።