በበርበሬ ያሳበብኩት ሳል

መጀመሪያ የጀመረኝ ሳል ነው። ደረቅ፣ ንጋት ላይ የሚብስ። መርካቶ በርበሬ ተራ ለሚውል ሰው ደግሞ ሳል ወሬ አይደለም፤ ዛላው ሲራገፍ መንገደኛው እንኳ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። በርበሬው ነው ብዬ ተውኩት። ለመስቀል፣ እንደ ወጋችን፣ ሱቁን ለሠራተኛዬ ለሙሉነሽ አደራ ብዬ ጉራጌ አገሬ ስገባ፣ እናቴ ሳሌን ሰምታ ታከሚ አለችኝ። ለሷም በርበሬው ነው አልኳት።

የገና በዓል ሲቃረብ ሙሉነሽም መሳል ጀመረች። ከኔው ጎን፣ ከዚያው ጆንያ ነበር የምትሰፍረው። የሷን ሳል ግን በርበሬ ነው አላልኩም። ጊዜው ኢህአዴግ ገብቶ፣ የኤድስ ወሬ ከተማውን ያስጨነቀበት ነው፤ የከሳና የሳለ ሰው አለቀለት ይባል ነበር። የሻይ ብርጭቆዋን ለየሁባት። አብረን ምሳ መቁረሱን አስቀረሁ። በመጨረሻም፣ አፈር ልብላ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ «በሽታሽን ይዘሽ ሂጂልኝ» አልኳት። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እኔም ደግ እንደሠራ ሰው ሱቁን በበረኪና አሳጠብኩ።

ጥቂት ቆይቶ ደም ተፋሁ። መዳፌ ቀላ። በርበሬ አልነበረም።

ጤና ጣቢያ አክታዬን መረመሩ፤ ራጅ አነሱኝ። የሳንባ ቲቢ ነው ተባልኩ። ዶክተሩን አላስጨረስኩትም። ሠራተኛዬ ናት ያስያዘችኝ፣ ብርጭቆ ብለይም አልዳንኩ እያልኩ አማረርኩ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ በሽታው በብርጭቆ ሳይሆን በትንፋሽ እንደሚተላለፍ አስረዳኝና፣

«ለመሆኑ ቀድሞ የሳለው ማነው?» አለኝ።

እሷ ልል አፌን ከፈትኩ። መስቀል ትዝ አለኝ። እየሳልኩ ነበር የሄድኩት። እሷ ደህና ነበረች።

«እኔ» አልኩ።

ማን ከማን እንደተያዘ በእርግጥ ማወቅ እንደማይቻል ነገረኝ። «አሁኑኑ ፈልገው ያምጧት፤ ካልታከመች ትሞታለች» አለ።

አማኑኤል አካባቢ ከተከራየችው ክፍል አገኘኋት። ተኝታለች። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። እንግዲህ ፊቴን በጨው ታጥቤ፣ ለምን አልታከምሽም ብዬ ተቆጣኋት።

«እትዬ፣ እርስዎ እንዲያ ካደረጉኝ ጎረቤት ምን ያደርገኛል ብዬ ደበቅሁት» አለችኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደግፌ ወስጄ አስመረመርኳት፤ የሷም ያው ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄድን፣ ነርሷ እያየችን ክኒናችንን እንውጥ ነበር፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው ክኒን ሽንታችንን ሲያቀላው ሙሉነሽ ደንግጣ ስትነግረኝ፣ የኔም እንደዚያው ነው እያልኩ አጽናናት ጀመር። መጀመሪያ ትከሻዬን ተደግፋ ነበር የምትሄደው፤ ቀስ በቀስ ግን ምግቡም ተስማማት፣ ጉንጯም ሞላ፣ ከኔ ዘግይታም ቢሆን ፈጣሪ ይመስገን ዳነች። ወደ ሱቄ እንድትመለስ ብለምናት በጨዋ ደንብ እምቢ አለችኝ፤ አሁን አውቶቡስ ተራ የራሷን ንግድ ይዛለች።

ያንን ዶክተርና እነዚያን ነርሶች እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። እናንተም ሳላችሁ ከሁለት ሳምንት ካለፈ አክታችሁን አስመርምሩ፤ ተሻለኝ ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ። የሌላው ሳል በሽታ፣ የራሳችሁ አቧራ መስሎ ከታያችሁ ደግሞ ቆም ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም።

ሙሉነሽን ይቅርታ ለምኛት ይቅር ለእግዜር ብላኛለች። ግን ያዋረድኳት በአደባባይ ነበር፤ ይቅርታውን የለመንኩት በጓዳ። ይህን የጻፍኩት በሰው ፊት ልለምናት ነው።