«ዝጊብኝ፣ ልየው»

ታላቅ ወንድሜ ሳያይ አያምንም ነበር። አዳማ ግቢያችን የምትቆመው መኪናው አላርሟ በየቀኑ ሲጮህ ሁላችንም ዘበኛው ይነካካታል ብለን ጠረጠርን። እኔማ ይባረር አልኩ። ወንድሜ ግን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጣጥፎ ተኛና «ዝጊብኝ፣ ልየው» አለኝ። ዘጋሁበት።

«የውስጡ መብራት ጠፋ፣ ወንድምጋሼ?»

«የት ይጠፋል! የክዳኑ ስዊች ተበላሽቶ፣ ተዘግታም የተከፈተች እየመሰላት ነው የምትጮኸው። በይ ዘበኛውን ይቅርታ ጠይቂው።»

ጠየቅሁ።

ወንድሜ ከሞተ በኋላ አላርሙ እንደገና ጮኸ። ያስጠራሁት ወጣት መካኒክ «ጠግኜዋለሁ፣ እማማ» ቢለኝም አላመንኩትም።

«እንግዲያው ግባና ልዝጋብህ» አልኩት።

ሳቀብኝ። ጫማዬን አውልቄ እኔው ገባሁና እሱን አስዘጋሁት። መብራቱ ጠፍቶ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ልጁ አልዋሸም። ወንድሜ የተኛበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ፣ የሚያዘኝ ሳይኖር፣ መካኒኩን ይቅርታ ጠየቅሁት።