በአንድ እግር የሚጠበቅ ቃል

የሁለተኛ ክፍል መምህሯ ተብታባ ናት። ተብታባ ስላችሁ ግን ሆዷ ውስጥም እንዳይመስላችሁ፤ እዚያማ ቃላቱ ኮለል እያሉ ነው የሚፈሱት። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍታ፣ ብርሃኑ የጠመኔው ብናኝ ላይ ሲተኛ እያየች፣ በሐሳቧ ለልጆቹ ያላወራችላቸው ነገር የለም። አፏ ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ። ያውም የቃሉ መጨረሻ ደህና ነው፤ መጀመሪያው ነው የሚይዛት።

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ቃሏን ሲጨርስላት ኖራለች። እናቷ በፍቅር፣ ባለሱቁ በችኮላ። ሊያገባት የነበረው ሰውዬማ አንዴ ስሜቷን ልትነግረው "እወ… እወ…" ብትል፣ "እወጣለሁ ነው? ውጪ፣ ማን ያዘሽ!" አላት። ወጣች፤ አልተመለሰችም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ክፍሏ ገብቶ ልጆቹን አስነበበ። አንዱ ተነሳና "ስ… ስ… ስለመጣ" አለ። ሌላዋ "ከ… ከ… ከሄደች።" ወይ ጉድ! አርባ ልጅ፣ አርባውም ተብታባ! ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ እኮ ምላሳቸው ጅራፍ ነው። ማንበብ ማለት እንዲህ ነው ብለው ከሷ የቀዱት ነው። እሷ ደግሞ ጆሮዋን ስላልጎረበጠው ልብ አላለችውም።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ኮሪደር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ አንድ ወር ልስጥሽ። ካልተስተካከሉ ቤተ መጻሕፍቱን ትይዣለሽ" አላት። ክው አለች። ቤት ስትገባ የሚጠብቃት አንድ ወንበርና አንድ ብርጭቆ ነው፤ ያለ ልጆቹ ምን አላት?

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት መስኮቱ ጋ ፈዝዛ ቆማ፣ ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ታያለች። አንድ እግር፣ ሁለት እግር። አንድ፣ ሁለት። መሬት የሚነኩ አይመስሉም ነበር። ጠመኔዋን ይዛ ወጣች።

መሬቱ ላይ ከተሰመሩት ሳጥኖች ትንሿ ውስጥ "ሳይ"፣ ትልቋ ውስጥ "ነጋ" ብላ ጻፈች። ቀጥላ "እንደ" እና "ደረሰ"። ትንሿ ላይ በአንድ እግርህ ታርፍና ቃሉን በዓይንህ ብቻ ትይዛለህ፤ አፍ መክፈት የለም። ትልቋ ላይ በሁለት እግርህ ስትወርድ ሙሉውን ባንዴ ትለቀዋለህ፤ "ሳይነጋ!" አንድ ሕግም ጨመረች፤ ይቺኛዋ ከአንጀቷ የወጣች ናት። ባለተራው ቃሉን እስኪያወጣ ድረስ ሌላው ሁሉ በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም የማንንም ቃል አይጨርስም፤ የጨረሰ ከጨዋታ ይወጣል።

ፍንጭት የሚሏት ልጅ በመጀመሪያው ቀን ትንሿ ላይ ቆማ ቀረች። ጓደኞቿ እየተንገዳገዱ "ኧረ እግራችን አለቀ!" ይላሉ። በመጨረሻ "እንደደረሰ!" ብላ ስትዘል ጩኸቱ ሌላ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መሬቱን ትተው መጽሐፍ ላይ በዓይናቸው ዘለሉ፤ ከዴስኩ ሥር የጫማ ድምፅ ብቻ ኳ፣ ኳ ይላል።

ወሩ ሞላና ዳይሬክተሩ መጣ። መምህሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ፍንጭት ተነሳች። "ሳይነጋ ስለተነሳች፣ እንደደረሰች በሩን ከፈተች።" አንድም ቦታ አልተሰናከለች። ከሷ በኋላ የተነሱትም እንደዚያው።

"በቃ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው" አለ ዳይሬክተሩ።

ለልጆቹ አንድ ነገር ልትላቸው ፈለገች። "እን… እን…"

"እንኳን ደስ—" ብሎ ዳይሬክተሩ ሊጨርስላት ሲል፣ ፍንጭት "ሽ! ጋሼ፣ ከጨዋታ ይወጣሉ!" አለችው።

አርባ ልጅ ብድግ አለ፤ አርባ እግር ከመሬት ተነሳ። ዳይሬክተሩ ግራ ቀኙን አየና፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ እሱም አንድ እግሩን አነሳ። ብናኙ ብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ተጠብቃ አታውቅም፤ እንባዋ መጣ። አልቸኮለችም።

"እንዴት እንደምወዳችሁ!" አለች።

ያን ጊዜ ሁሉም እግሩን አወረደ።