በር አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌ

ሥራ የጀመርኩት አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እተይባለሁ። የመጀመሪያው ቀን ባለቤቷ እትዬ አልማዝ፣ "ሁለት ሳምንት አይሻለሁ፤ ከዚያ ወይ ትቀጥያለሽ ወይ እንሰነባበታለን" አሉኝ። ያለዚያ ሥራ አዳማ ቆይቼ መማር አልችልም ነበር።

የተሰጠኝ የጋሽ ገመቹ የስለላ ልብወለድ ነው። ጋሽ ገመቹ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ወረፋ ሲጠብቁ በደብተር የጻፉት ነው። በየምዕራፉ ራስ ላይ የቦታውን ንድፍ ሥለዋል፤ በሩ የት እንደሆነ፣ ማን የት እንደተቀመጠ። እኔ ንድፉን ዘልዬ ጽሑፉን ብቻ ተየብኩ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰላይ ወለንጪቲ፣ ነጋዴ ቤት በእንግድነት ገብቶ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌን በር ላይ! ጋሽ ገመቹ የተሳሳቱ መሰለኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነጋዴውን "ከፍ ይበሉ" አስብዬ፣ ሰውየውን ከጠረጴዛው ኋላ ትልቁ ሶፋ ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ገመቹ "አካም ጅርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉ ገቡና ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ ሳቁ።

"ልጄ፣ ፖሊስ ሲመጣ ይሄ ሰውዬ በየት ወጣ? ግድግዳ በስቶ ነው?"

"ሽማግሌ በር ላይ ይቀመጣል እንዴ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

እትዬ አልማዝ ተቆጡ። "እኛ እንተይባለን እንጂ የሰው ቤት አናደራጅም! ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጪ።"

"ተይ እንጂ አልማዝ!" አሉ ጋሽ ገመቹ። "አሳዳጊ የበደላት አይደለችም። አንባቢም እንደሷ 'ለምን ከፍ አላለም?' እንዲል ነው የጻፍኩት።" ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ሶፋ ለእኔና ለአንቺ ክብር ነው። ለሰላይ ግን እስር ቤት ነው፤ ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ከግራ ከቀኙ ሰው። ሰላይ ዕድሜውን የሚጨርሰው ደፍ ላይ ነው። የማንም ቤት ቤቱ አይደለም።"

እንዲህ የሚያስተምር መምህር ገና አልገጠመኝም። ሽማግሌውን ወደ በርጩማው መለስኩት። ንድፎቹንም አንድ በአንድ አየኋቸው። የመጨረሻው ምዕራፍ ሞጆ ነው፤ ንድፉ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ሆኖ አንድም በር የለውም። ሰላዩ የሚያዘው እዚያ ነው። ገና ሳላነብ ገባኝ።

እትዬ አልማዝ የታረመውን ገጽ አነበቡና "ሰኞ በሰዓትሽ ነይ" አሉ።

አሁን የስለላ ታሪክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። ያልገባኝን ደግሞ እጠይቃለሁ እንጂ አላስተካክልም።