የፊርሚን መስቀሎች

ፊርሚን በጌንት ከተማ፣ በክላራ ደናግል ገዳም፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አትክልት ሲኮተኩት ኖሯል። እጁ የተባረከ ሠራተኛ ነበር፤ ችኮላው ግን ለጉድ ነው። በየጸደዩ በጓሮው መቃብር ላይ የተተከሉትን ዘጠኝ የእንጨት መስቀሎች እየነቀለ ቀለም ይቀባቸዋል። አንድ ጸደይ ዝናብ ድንገት ሲጥልበት መስቀሎቹን በብብቱ ታቅፎ ወደ መጋዘን ሮጠ። ሲያባራ የትኛው መስቀል በየትኛው መቃብር ላይ እንደነበር ጠፋው። እንደመሰለው ተከላቸውና ለእመምኔቷ እንኳ ትንፍሽ ሳይል ቀረ።

ማን ይጠይቀኛል ብሎ ነበር። መነኮሳቱ አልቀው ገዳሙ ለሆቴል ሲሸጥ ግን አጽማቸው በከተማው መቃብር፣ በአንድ ጉድጓድ እንዲያርፍ ተወሰነ። ዘመድ ያለው የራሱን መውሰድ ይችላል ተባለ። የመጣችው የሰማንያ ዓመቷ ጎደሊቭ ብቻ ናት፤ የእማሆይ ኮሌታ ታናሽ እህት። ፊርሚን ያውቃታል። ድሮ በየወሩ እንቁላል ይዛ እየመጣች፣ በገዳሙ እንግዳ መቀበያ፣ በፍርግርግና በጥቁር መጋረጃ ማዶ ሆና ከእህቷ ጋር ታወራ ነበር። ደንቡ ነውና እህቷ ከመነኮሰች እስክትሞት ፊቷን አላየችም። መቃብሩም ለደናግሉ ብቻ የተከለለ ስለነበር፣ ምስኪን፣ ቀርባ አላለቀሰችበትም።

"ከእናታችን ጎን ላሳርፋት ነው" አለችው። "የኔንም ቦታ ገዝቻለሁ። ሦስታችን አንድ ላይ እንሆናለን። የሷ የትኛው ነው?"

ኮሌታ የሚል ስም የተጻፈበት መስቀል ጥቂት እልፍ ብሎ ቆሟል። ፊርሚን ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ እሷም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሆዱ ግን እምቢ አለው።

"ወይዘሮ ጎደሊቭ፣ መስቀሉን አይመኑት። ያዘበራረቅኩት እኔ ነኝ።"

አንድ ሳያስቀር ነገራት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው በተሻለው። እያንዳንዱ መቃብር አጠገብ ትንሽ ትንሽ ቆመች፤ ከዘጠኙም ዘንድ።

"ምነው በዋሸኸኝ" አለችው በመጨረሻ። "አምንህ ነበር እኮ።"

ዘጠኙ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ጎደሊቭ እዚያው ልቀበር ብላ አመለከተች፤ ቦታው ለመነኮሳት ብቻ ነው አሏት። በብርዱ ወራት አረፈችና ከእናቷ በስተቀኝ አሳረፏት። ከቀባሪዎቹ አንዱ ፊርሚን ነበር። በስተግራ ለእህቷ የተገዛው ቦታ ባዶውን ቀረ።