መጨረሻ የሚደርሱት ሰው

ጥር ፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ንጋት ላይ ነገሌ ሜዳ የጀመርነው ቁጭ ብድግ ሳያልቅ ቀረ። ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ሌሊቱን ከዚህ ዓለም መለየታቸውን መሀል ላይ ሰማን።

እኔ የመዝገብ ቤት ሹም ሆኜ ስማቸውን አላውቅም። በስፖርት ማኅበራችን ደንብ መጨረሻ የደረሰ ያን ቀን ይመራል፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። የወታደር ካፖርታቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና በጣልያንኛ ይቆጥሩልናል። የት እንደተማሩት ስንጠይቅ፣ «ወሬ ጉልበት አያጠነክርም» ይሉናል።

አንድ ጧት ከግራር ኋላ ተደብቀው አየኋቸው። ባለሱቁ አብዱልሃሚድ መኪና ተገልብጦ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ይሄዳል። መምራት ደርሶት ሰው ፊት እንዳያፍር፣ እሱ እስኪደርስ ይጠብቁ ኖሯል።

ትናንት ግን ቀድመውት መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርህ፣ አለቃ? ዛሬ ተራው ያንተ ነው» አሉት።

«ጋሼ፣ ብወድቅብዎትስ?»

«ሁላችንም አብረንህ እንወድቃለን። ያየ ሰው አዲስ ስፖርት ይመስለዋል።»

አብዱልሃሚድ እየሳቀ ቁጭ አለ፤ ላብ አጠመቀው፤ ያለ ምርኩዝ ብድግ አለ። እኛም ተከተልነው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ምርኩዙን ለምነው አናጢ ዘንድ ወሰዱት። ማታ የመጥረቢያ ዛቢያ አድርገው አሠርተውት ለአብዱልሃሚድ ሚስት ለራሕማ አደረሱላት።